ሌሊት የሚያንኳኳው ጎረቤት ሳይሆን ቧንቧው ሲሆን

የኮንዶሚኒየም ቧንቧ ሌሊት ሲጮህ መጀመሪያ የሚታማው ቧንቧው አይደለም። ላይ ቤት ያለው ጎረቤት ነው። "መዶሻ ይዘው ያድራሉ"፣ "ዕቃ ይጎትታሉ"፣ "በዚህ ሰዓት ቡና ይወቀጣል?" ይባላል። እኔ የሳኒተሪ ባለሙያ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ነው። ጀሞ፣ ገርጂ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፤ ያልወጣሁበት ደረጃ የለም ማለት ይቀለኛል። ውሃ ፈሶበት ከሚጠራኝ ሰው ያላነሰ፣ በድምፅ ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፎ የሚጠራኝ አለ።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። ድምፁ "ከየት ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። "መቼ ነው?" ብላችሁ ጀምሩ። የቧንቧ ድምፅ ስለ ቦታው ይዋሻል፤ ስለ ሰዓቱ ግን አይዋሽም።

ምክንያቱ ይኸው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። በብረት ውስጥ ግን 5,000 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በመንገድ ላይም ብዙ አይደክምም። ምድር ላይ ያለ ፓምፕ ያሰማው ድምፅ በቋሚው ቱቦ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ቱቦው ግድግዳውን በነካበት፣ ማሰሪያው በላላበት ቦታ ላይ ይፈነዳል። ያ ቦታ የእናንተ መኝታ ቤት ከሆነ ድምፁ ከትራሳችሁ ጀርባ የተነሳ ይመስላችኋል። መካከል ያሉት ፎቆች ደግሞ ምንም ሳይሰሙ ያድራሉ። ጆሮን ብቻ ተከትሎ ግድግዳ መስበር የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ

ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ሰዓቱን ጻፉ። አጠገቡ የመስመር ውሃ መጥቶ እንደነበር፣ መብራት እንደነበር፣ በዚያች ደቂቃ ቤት ውስጥ ቧንቧ የከፈተ ወይም የዘጋ ሰው እንደነበር አክሉ። ጎረቤት ውሃ ተጠቅሞ እንደሆነ ደግሞ የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠይቁ። ግሩፑ ለመዋጮና ለመኪና ማቆሚያ ክርክር ብቻ አልተከፈተም።

ይህ ወረቀት ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። መብራት በሌለበት ሌሊት ድምፁ ከተሰማ ፓምፑ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ፈረቃው ባልደረሰበት ቀን ከተሰማ የመስመሩ ግፊትና መስመሩ የሚሞላው ሮቶ ነፃ ወጡ። ማንም ውሃ ሳይነካ ከተሰማ የእናንተም የጎረቤትም የቧንቧ ራስ ከተጠርጣሪነት ወጣ። ከጥቂት ሌሊት በኋላ የሚቀረው ተጠርጣሪ አንድ ወይም ሁለት ነው።

የብሎኩን መንገድ እወቁ

ቀጥሎ ውሃው እንዴት ቤታችሁ እንደሚደርስ እወቁ። ብዙ ሰው አሥር ዓመት ኖሮበት አያውቀውም። በተለመደው ባለ አራት ፎቅ ብሎክ የመስመሩ ውሃ በቆጣሪ አልፎ ምድር ላይ ያለ ሮቶ ይሞላል። ፓምፕ ወደ ጣሪያው ሮቶ ይገፋዋል። ከጣሪያ በራሱ ክብደት በዳክቱ፣ ማለትም ቱቦዎቹ በሚወርዱበት የግድግዳ ክፍተት ውስጥ ወደየቤቱ ይወርዳል። አንዳንድ ብሎክ ላይ ግን መስመሩ በቀጥታ ወደየቤቱ ይገባል፤ ሮቶውም የየግል ነው፤ በረንዳ ላይ ወይም ደረጃ ሥር ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ ሁለቱንም ቀላቅሎ ይጠቀማል። ጥበቃውን ወይም ኮሚቴውን ጠይቁ፤ ዳክቱን አስከፍታችሁ በስልክ መብራት እዩት። የትኛው ጌት ቫልቭ የትኛውን ቤት እንደሚዘጋ በማርከር ጻፉበት። ይህን ያደረገ ብሎክ ሲገጥመኝ ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

አንድ ቁጥር ያዙ፦ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ከጣሪያ ሮቶ የሚጠጣ ምድር ቤት 1.5 ባር ገደማ ያገኛል። የላይኛው ፎቅ ከሮቶው 3 ሜትር ዝቅ ቢል የሚያገኘው 0.3 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ "ቧንቧ ስዘጋ ግድግዳው ይመታል" ካለኝና ውሃው ከጣሪያ ከሆነ እጠራጠራለሁ። በዚያ ግፊት ያን ያህል መምታት ይከብዳል። ወይ ቀጥታ መስመር አለበት፣ ወይ ፓምፕ ገጥሟል፣ ወይ የሚሰማው የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ድው የሚለው

አሁን ወደ ድምፆቹ እንግባ። በጣም የሚያስፈራውና በጣም የተለመደው አንዴ ጠንከር ብሎ "ድው" የሚለው ነው።

ቧንቧ በዘጋችሁ ቅጽበት ከሆነ የውሃ ምት ነው። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አውቶቡስ ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃም እንዲሁ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በሞስኮ የውሃ መስመር ሞክሮ ስሌቱን አስቀምጦታል። በብረት ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ ድንገት ቢቆም ግፊቱ ለቅጽበት ከ10 ባር በላይ ይዘላል። በፒፒአር ቱቦ ያነሰ ነው፤ ፕላስቲኩ ትንሽ ይለጠጣላ። ጋልቫናይዝድ የብረት ቱቦ ያለባቸው የቆዩ ብሎኮች ይበልጥ የሚጮኹት ለዚህ ነው።

ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ያንኑ ቧንቧ በጣም ቀስ ብላችሁ ዝጉት። ድምፁ ከጠፋ ታወቀ። ሩብ ዙር ብቻ የሚዞሩት ዘመናዊ የቧንቧ ራሶች በአንድ ምት ስለሚዘጉ ዋነኞቹ ጥፋተኞች ናቸው። ከእነሱ የባሰው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ማሽኑ ውሃውን የሚዘጋው በኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው፤ "ቀስ በል" ብትሉት አይሰማም። እሱ ሲሞላ ቆሞ "ድው" ካለ፣ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ያለውን ትንሽ መዝጊያ፣ አንግል ቫልቩን፣ በግማሽ ዝጉ። መሙላቱ ይዘገያል፤ ምቱ ግን ይለዝባል።

ዘላቂው መፍትሔ ሁለት ነው። አንደኛው የላላውን ቱቦ ማሰር። ዳክት ውስጥ ገብታችሁ ቱቦውን በእጅ ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ክላምፕ ያስፈልገዋል፤ በክላምፑና በቱቦው መካከል የጎማ ቁራጭ አስገቡ፤ ያረጀ የመኪና ከመነዳሪም ይሆናል። ሁለተኛው ግፊቱን መቀነስ ነው። የመስመሩ ውሃ በሌሊት ሰው ሲቀንስ ግፊቱ ከፍ ይላል። ቀን ዝም ያለው ቧንቧ ሌሊት የሚጮኸውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከቆጣሪው በኋላ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ቢገጠምና ወደ 3 ባር ዝቅ ቢል ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ድሮ ድሮ ከቧንቧው አጠገብ ጫፉ የተደፈነ አጭር ቱቦ ሽቅብ ያቆሙ ነበር፤ ውስጡ ያለው አየር ምቱን እንዲቀበል ነው። ችግሩ ከጊዜ በኋላ አየሩ በውሃው ይወሰዳል፤ ቱቦው በውሃ ይሞላና ጥቅሙ ያበቃል። የፈረቃ አንዱ በጎ ነገር ይኼ ነው፤ ውሃ ጠፍቶ መስመሩ በደረቀ ቁጥር አየሩ ተመልሶ ይገባል።

ማንም ሳይነካው ድው ሲል

ማንም ውሃ ሳይነካ ከተመታስ? እዚህ ላይ ጀሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ጨቅላ ልጅ ያለው አባት ሌሊት ሌሊት ላይ ቤት እየወጣ በር ያንኳኳል። ላይ ቤት የሚኖሩት ብቻቸውን ያሉ እማማ ናቸው። "ልጄ፣ እኔ ቡና የምወቅጠው በቀን ነው፤ በሌሊት ለማን ላፈላ?" ይሉታል። አያምናቸውም። ወረቀቱን ሳስይዘው ድምፁ የሚመጣው የመስመር ውሃ በሚመጣባቸው ሌሊቶች ብቻ ሆነ፤ ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተደጋግሞ። መብራት በጠፋበት ሌሊት ደግሞ ጭራሽ የለም። ከዚህ በኋላ የቀረው ፓምፑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ምድር ያለው ሮቶ ቀስ እያለ ከመስመሩ ይሞላል። ፓምፑ ወደ ጣሪያ ይገፋል፤ የታችኛው ሲጎድል ራሱ ይቆማል፤ ሲሞላ ይነሳል። በቆመ ቁጥር በቱቦው ውስጥ የተሰቀለው ውሃ ወደ ታች ይመለሳል። እንዳይመለስ የሚይዘው ቼክ ቫልቭ ነው። የነሱ ቼክ ቫልቭ ምላሱ ተንጠልጥሎ በራሱ የሚወድቅ ዓይነት ነበር፤ ውሃው ወደ ኋላ ፍጥነት ከያዘ በኋላ በኃይል ይዘጋል። አባትየውን በስልክ ይዤ፣ እሱ መኝታ ቤቱ ቆሞ፣ እኔ ታች ፓምፑን ከብሬከሩ አጠፋሁት። "ይኸው! ይኸው! አሁን መታ!" አለ። በስፕሪንግ በሚዘጋ ቼክ ቫልቭ ተቀየረ፤ ያኛው ውሃው ከመመለሱ በፊት ይዘጋል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የላላው ክላምፕም ታሰረ። ሰውየው ለእማማ አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ሄደ አሉ።

ይህን ፈተና እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ ሰው ፓምፑ ጋ፣ አንድ ሰው ድምፁ የሚሰማበት ቤት፣ ስልክ ተከፍቶ። ብሬከሩን ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው። የፓምፑን የኤሌክትሪክ ክዳን ግን አትክፈቱ፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ ደግሞ ፈጽሞ።

ፓምፕ ሌሎች ምልክቶችም አሉት። በየጥቂት ሰከንዱ "ጠቅ፣ እምም፣ ጠቅ" እያለ ከተነሳና ከቆመ፣ ፕሬሸር ታንኩ፣ ማለትም ከፓምፑ ጋር የተገጠመው አየርና ውሃ የሚይዝ ትንሽ ታንክ፣ አየሩን ጨርሷል። ፓምፑን አጥፉ፤ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን ልቀቁ፤ ከዚያ የታንኩን የአየር አፍ በጎሚስታ መለኪያ ለኩ። አፉ የጎማ አፍ ዓይነት ነው። ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት 0.2 ባር ያህል ያነሰ አየር ይፈልጋል። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ 1.4 ላይ ተነስተው 2.8 ላይ እንዲቆሙ የተስተካከሉ ናቸው፤ ስለዚህ 1.2 አካባቢ ሙሉት። የአየር አፉን ስትጫኑት ውሃ ከወጣ ግን ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል፤ አየር መሙላት ድካም ነው። ታንኩ ደህና ሆኖ ሰው በማይጠቀምበት ሰዓትም የሚነሳ ፓምፕ፣ የሆነ ቦታ ውሃ እያፈሰሰ ነው፤ አንዲት የምታንጠባጥብ ሽንት ቤት ትበቃለች።

ፓምፑ ራሱ ጠጠር የዋጠ ይመስል "ክርክርክር" ካለ ውሃ በቂ እየሳበ አይደለም። ይህ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለ ከተማ ይብሳል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ብቻ ነው። ውሃን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ይህ አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ በሐሳብ ደረጃ 10 ሜትር የሚሳብ ውሃ፣ እዚህ 8 ሜትር እንኳን አይሞላም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ከመሬት በታች ካለ ታንከር የሚስብ ፓምፕ በቀጭን ቱቦ፣ በብዙ ክርን፣ በተደፈነ ወንፊት ሲሠራ ውሃው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ሲፈርስ ነው የሚያንኮሻኩሸው፤ ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክንፍም ይበላል። ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉ፣ የመሳቢያውን ቱቦ አወፍሩ፣ ወንፊቱን እጠቡ።

የሚያጉረመርመው

"እምምምም" ብሎ ጀምሮ፣ እየጮኸ ሄዶ፣ ድንገት ዝም የሚል አለ። ከሚመታው ይልቅ ሰው የሚያሳብደው ይኼኛው ነው። መላው ብሎክ ይሰማዋል፤ ማንም የኔ ነው አይልም።

ይህ ሁልጊዜ ባይሆንም በአብዛኛው ፍሎተር፣ ማለትም ውሃው ሲሞላ የሚዘጋው ባለ ኳስ ቫልቭ ነው፤ የሽንት ቤት ታንክ ወይም የሮቶ። ውሃው ሊሞላ ሲል ኳሱ ከፍ እያለ ቫልቩን ያጠባል። በጠባቧ ቀዳዳ ውሃው በፍጥነት ያልፋል፤ ጎማው ይንቀጠቀጣል፤ የውሃው ገጽም ይንቀጠቀጥና ኳሱን መልሶ ያነቃንቀዋል። አንዱ ሌላውን ይመግባል። ሲዘጋ ያበቃል።

ቤታችሁ መሆኑን ለማወቅ ውሃ ልቀቁና የታንኩን ክዳን አንሱ። ድምፁ ሲጀምር ኳሱን በጣት ወደ ላይ ከፍ አድርጉት። ዝም ካለ አገኛችሁት። ጎማው ወይም ሙሉ ፍሎተሩ ይቀየራል፤ ከቧንቧ ሥራ ሁሉ ርካሹና ቀላሉ ነው። የእናንተ ካልሆነ ጎረቤት በየተራ የሽንት ቤቱን አንግል ቫልቭ ይዝጋ። አንድ ምሽት ይበቃል፤ ሰው መለመኑ ነው የሚከብደው።

የሮቶ ከሆነ ድምፁ ረጅም ነው፤ ግማሽ ሰዓትም ሊቆይ ይችላል፤ የሚመጣውም መስመሩ ሮቶውን ሊሞላ ሲቃረብ ነው። ሮቶው ላይ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይውጣ፤ በሌሊት ደግሞ ጭራሽ አይውጣ። ቀን ላይ ኳሱን በእጅ አንስቶ ማየት ይቻላል። አዲስ ፍሎተር ሲገጠም ረጅም ክንድና ትልቅ ኳስ ያለውን ምረጡ። የሚገባው ውሃ ከላይ እየፈሰሰ ገጹን እንዳያናውጥ ማድረግም ይረዳል።

ሌላው የሚያጉረመርም ነገር ተራ የቧንቧ ራስ ነው። በግማሽ ስትከፍቱት "ድርርር" ብሎ፣ ሙሉ ስትከፍቱት ዝም ካለ፣ ውስጡ ያለው ጎማ ላልቷል። ውሃ ዘግቶ፣ ፈትቶ፣ ጎማ ቀይሮ መግጠም ነው። ስለዚህኛው ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

የሚያፏጨውና የሚያስለው

ፉጨት ሁልጊዜ ጥበት ነው። ውሃ በጠባብ ቦታ በፍጥነት ሲያልፍ ያፏጫል። መጀመሪያ የምፈልገው በግማሽ የተዘጋ ጌት ቫልቭ ነው። ጌት ቫልቭ ወይ ሙሉ ክፍት ወይ ሙሉ ዝግ እንዲሆን ነው የተሠራው፤ በግማሽ ሲቀር ምላሱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው "ለሌላው ይዳረስ" ብሎ ያጠበበው ነው። ቀጥሎ የቧንቧውን ጫፍ ወንፊት ፍቱ። መንገድ ተቆፍሮ መስመር ከተጠገነ በኋላ ቀይ አፈርና አሸዋ ሰተት ብሎ ይመጣል፤ ወንፊቱን ይደፍነዋል። በኮምጣጤ ዘፍዝፎ መቦረሽ ይበቃል። ሁለቱም ደህና ሆነው ጋልቫናይዝድ ቱቦው የቆየ ከሆነ፣ ውስጡ በዝገት ጠቦ ይሆናል። እሱን መቀየር እንጂ መጠገን አይቻልም።

ፈረቃው ሲደርስ "ትፍ፣ ትፍ፣ ጉር ጉር፣ ፏ" የሚለው አየር ነው። መስመሩ ደርቆ ቆይቶ ነበር፤ ውሃው አየሩን እየገፋ መጣ። ብልሽት አይደለም። ነገር ግን አየሩ አልቆ ውሃው ሲከተል ምቱ ኃይለኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋናውን ቫልቭ በጥቂቱ ከፍታችሁ በቀስታ ሙሉ። ከፍ ያለ ቦታ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ አየሩን አስወጡ። ሻወሩ ላይ ከሆነ የሻወሩን ራስ ፍቱት፤ አለበለዚያ ዝገቱ ሁሉ እሱ ውስጥ ይሰበሰባል። አየር ቆጣሪም ያሽከረክራል፤ ስለዚህ በሙሉ ከፍቶ እንዲነፍስ መተው ኪስን ይጎዳል። በዚህ አጋጣሚ፣ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍታችሁ ከቤት አትውጡ። ታች ቤት ያለውን ሰው ጣሪያ ያስለቀሰው ይኼ ነው።

ሙቅ ውሃና ጠቅታ

ሻወር ከተወሰደ በኋላ ግድግዳው ውስጥ "ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ" የሚለው ፒፒአር ነው። ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት በአሥር እጥፍ በላይ ይረዝማል። የ3 ሜትር የፒፒአር ቱቦ ሙቀት በ40 ዲግሪ ቢጨምር ርዝመቱ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ስሚንቶ ውስጥ መሄጃ ካጣ እየተንሸራተተ ይጮኻል። አይፈነዳም፤ አትፍሩት። የቦይለሩን ሙቀት ወደ 55 ወይም 60 ማውረድ ድምፁን ይቀንሳል። ግድግዳው በሚታደስበት ጊዜ ቱቦው በስፖንጅ ተጠቅልሎ ይቀበር።

ቦይለሩ ራሱ ሲያጉረመርምና ሲንኮሻኮሽ ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ማሞቂያው ላይ የተጋገረ ኖራ ነው፤ ይታጠባል ወይም ይቀየራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አስታውሱ። ሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ውሃው ሳያቋርጥ ቢሞቅ ቶሎ ይፈላል። ቧንቧ ስትከፍቱ እንፋሎት ከወጣ፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ ብሬከሩን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ሥር ያለው የደኅንነት ቫልቭ ቦይለሩ ሲሞቅ ትንሽ ማንጠባጠቡ ጤናማ ነው። "ያንጠባጥባል" ብሎ የደፈነውን ሰው ቤት አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ያ ቀዳዳ አይደፈንም።

እሽሽሽ

ይህ ድምፅ ዝቅተኛ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ግን እሱ ነው። ሁሉ በተኛበት፣ ቧንቧ ሁሉ በተዘጋበት፣ "እሽሽሽ" የማያቋርጥ ከሆነ ውሃ እየሾለከ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝጉ፤ የሽንት ቤቱን አንግል ቫልቭም ጭምር። ቆጣሪውን አንብቡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድጋሚ አንብቡ። ከዞረ ሽንቁር አለ። ከዚያ ወደ ቤታችሁ የሚገባውን ቫልቭ ዝጉ። ድምፁ ከቆመ የእናንተ ውስጥ ነው፤ ካልቆመ ዳክቱ ውስጥ ወይም ጎረቤት።

ቦታውን ለማግኘት ረጅም ካቻቪቴ እጠቀማለሁ። ጫፉ ቱቦው ላይ፣ እጀታው ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው አጥንት ላይ። ካቻቪቴ ከሌላችሁ የእንጨት የወጥ ማማሰያም ይሠራል፤ እየሳቃችሁ ሞክሩት። ከፎቅ ፎቅ በየቫልቩ ላይ አድምጡ፤ ድምፁ የሚጎላበት ቅርቡ ነው። ቅድም ድምፅ ስለ ቦታ ይዋሻል ብያለሁ፤ ሰዓቱና ቫልቮቹ መንገዱን ካጠበቡት በኋላ ግን ጆሮ ይታመናል። ሴራሚክ የሚሰበረው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

የፍሳሽ ድምፅ የተለየ ጉዳይ ነው፤ በአጭሩ ላንሳው። ላይ ቤት ሽንት ቤት ሲለቀቅ "ሿ" ብሎ በግድግዳው የሚወርደው ፒቪሲ ቱቦ ስለሆነ ነው፤ ስስ ነው፤ ድምፅ አይዘጋም። የእናንተ ላቫንዲኖ አብሮ "ጉልግ ጉልግ" ካለና ሽታ ካመጣ ግን ጣሪያ ላይ ያለው የአየር ማውጫ ተደፍኗል ወይም ፍሳሹ ሊዘጋ ነው። የወፍ ጎጆ አግኝቼበት አውቃለሁ።

ማን ይከፍላል?

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ይለያል። ዳክት ውስጥ ያለው፣ ለብዙ ቤት የሚያገለግለው ቋሚ ቱቦ፣ የጋራው ፓምፕና የጋራው ሮቶ የሁሉ ነው፤ ወጪውም ለማኅበሩ ይቀርባል። ከእናንተ ቫልቭ ወዲህ ያለው የቤታችሁ ነው። ኮሚቴው ጋ ስትሄዱ "ቧንቧው ይጮኻል" ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ወረቀቱን ይዛችሁ፣ "የመስመር ውሃ ሲመጣ፣ ፓምፑ በቆመ ቁጥር፣ በዚህ ሰዓት" በሉ። ድምፁን በስልክ ቀድታችሁ ከሆነም አሰሙ።

ባለሙያ ስትጠሩም እንዲሁ። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ስትዘጉ እንደሚቆም ንገሩት፤ የትኛውን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሁለት ጊዜ መመላለሻም አትከፍሉም። የዳክቱና የጣሪያው ቁልፍ ጥበቃው ጋ መሆኑን ከማለዳው አረጋግጡ። እሁድ ከሆነ ጥበቃው ቁልፉን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ይችላል፤ ከዋዜማው ተቀበሉት።